ለአያልነህ የተገኘው ፊት

ከአገሩ ሸሽቶ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጥለው ነገር ምን ይመስላችኋል? ዕቃ እንዳትሉኝ። ዕቃውንማ አህያው እስኪወድቅ ድረስ ይጭነዋል። መጀመሪያ የሚጣለው ፎቶግራፍ ነው። በደርግ ጊዜ ከጎንደር ወደ መተማ ቆላ የወረደ ሰው፣ ኬላ ላይ ከኪሱ ፎቶ ከተገኘበት «ይሄ ማነው? ይሄ አጠገብህ የቆመውስ አሁን የት ነው?» መባሉ ስለማይቀር፣ ዘመድ ወዳጁን መንገድ ዳር ቀዳዶ ነው ድንበር የሚሻገረው። እኔም ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር የተነሣሁትን አንድ ፎቶ ከግራር ሥር ቆፍሬ ቀብሬዋለሁ። አፈሩን ስመልስበት ምን ዓይነት ስሜት እንደተሰማኝ ባልነግራችሁ ይሻላል።

ስለዚህ ድንበር ተሻግረን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ስንደርስ ሁላችንም ስም ነበረን፣ ፊት ግን አልነበረንም። የነበረን አንድ ፊት የስደተኛ ካርዳችን ላይ የተለጠፈው ነው። እሱንም ቢሆን ፎቶ አንሺው ቀትር ፀሐይ ላይ አቁሞ «ዓይንህን አትጨፍን!» እያለ ስላንጨረጨረን፣ ሁላችንም ዶሮ ስንሰርቅ እጅ ከፍንጅ የተያዝን እንመስላለን። በዚያ ፎቶ ሰው ለይቶ ያወቀ የለም። ይህን ሁሉ የማወራችሁ ስለ ሙዚየም ልነግራችሁ ፈልጌ ነውና ትንሽ ታገሡኝ።

እኔ ድሬሰር ነኝ። ገዳሪፍ ውስጥ ግን መርፌ የያዘ ሁሉ «ሐኪም» ስለሚባል ሐኪም ነኝ ብዬ ተቀምጫለሁ። ክሊኒካችን ውስጥ ሁለት ዓመት አብራኝ የሠራች አንዲት ፈረንጅ ዶክተር አገሯ ስትመለስ አልረሳችኝም፤ የስድስት ሳምንት ሥልጠና አፈላልጋ አስጠራችኝ። የከተማዋን ስም አልነግራችሁም፤ ሄዳችሁ ታጣሩብኛላችሁ። ድልድይ የበዛባት፣ ፀሐይ ያነሰባት ከተማ ናት እንበል። አንድ እሑድ ዶክተሯ «ሥዕል ማየት ትወዳለህ?» አለችኝ። እኔ ሥዕል የማውቀው ቤተ ክርስቲያን ነውና፣ የምትወስደኝ ቅዳሴ መስሎኝ ከዋዜማው ጀምሬ ጾምኩ።

የሙዚየሙ ደረጃ ሰፊ፣ ምሰሶው ትልቅ ነው። ከውስጥ ጭጭ ብሏል። ሥዕል ባለበትና ሰው ባንሾካሾከበት ቤት ምን እንደሚደረግ እናቴ ያስተማረችኝ አንድ ነገር ነውና ጫማዬን አወለቅሁ። ዘበኛው እግሬን አየ። ዶክተሯ ፊቷ ቀልቶ ጫማዬን መልሼ እንዳጠልቅ በዓይኗ ለመነችኝ። ቀጥሎ ደግሞ መጋረጃ ፈለግሁ። እኛ ዘንድ ሥዕል ራቁቱን አይውልም፤ ዲያቆኑ መጋረጃውን ገለጥ ያደርገዋል፣ ታያለህ፣ ትሰግዳለህ፣ ይጋረዳል። እዚያ ግን ከጣሪያ እስከ ወለል ሁሉም ተገልጦ ተሰቅሏል፤ የሚሰግድ የለም፤ ሰዉ ሥዕሉን አየት ያደርግና አጠገቡ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት ቆሞ ሲያነብ ይውላል። ሆዴ እየጮኸ ተከተልኳቸው።

ወደ ምድር ቤት ስንወርድ አንዲት ጠባብ ክፍል አገኘን። መብራቷ ደብዛዛ ነው፣ ከእኛ በቀር ማንም የለባትም። ማንም የለባትም ስል ሕያው ማለቴ ነው። ግድግዳው ላይ በእንጨት ሳንቃ የተሣሉ ፊቶች ተደርድረዋል፤ ዓይናቸው የእኛን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዓይን ይመስላል፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ የትም ብትቆሙ የሚያገኛችሁ። ዶክተሯ እንደነገረችኝ የጥንት ግብጻውያን ናቸው። ሰውየው ሲሞት ሬሳው በጨርቅ ይጠቀለልና ሳንቃው በፊቱ ትክክል ይታሠርበታል። አንዳንዶቹ እንዲያውም በሕይወት ሳሉ አሥለው እስከ ቀናቸው ድረስ ቤታቸው ሰቅለውት ይኖሩ ነበር ይባላል። እናንተ ብትሆኑ እንዲህ ያለ ነገር ከራሳችሁ በላይ ተሰቅሎ ምሳ ይወርድላችኋል?

ከቀኝ አራተኛው አያልነህ ነበር።

መሰለኝ አላልኳችሁም። አያልነህ ማለት አብሮ አደግ ጓደኛዬ ነው፤ አብራን የተሰደደችው የሙሉ ባል። ከዚያ እሑድ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ በክረምት አብረን ስንሸሽ ሽማግሌው አባቱ ወደ ኋላ ቀሩና፣ «እናንተ ቅደሙ፣ አባባን ይዤ እደርሳለሁ» ብሎን ተመለሰ። እኛ ተሻገርን። እሱ እስከዛሬ አልደረሰም። አሁን ግን ከዚያ ቀዝቃዛ ምድር ቤት ውስጥ፣ ግራ ዓይኑ እንደ ልማዱ ጠበብ ብሎ፣ ቀኝ ቅንድቡን የሰነጠቀችው ጠባሳ ሳትቀር፣ አንድ ነገር ሊናገር አስቦ በተወ አፍ ያየኛል። ዶክተሯ ወረቀቷን አንብባ ተረጎመችልኝ፤ «የአንድ ሰው ምስል። ስሙ አይታወቅም» ይላል። እኔ ግን ስሙን አውቀዋለሁና ጮክ ብዬ ጠራሁት። ክፍሏ ስሙን ደጋግማ መለሰችልኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ? አቤት እስኪለኝ ጠበቅሁ። ዘበኛው መጣ፤ ዶክተሯም ያመመኝ መስሏት ክንዴን ይዛ አወጣችኝ።

በር ላይ የሥዕሎቹ ፖስት ካርድ ይሸጣል። አምስት የድልድይ ካርድ ገዛሁ፣ አንድ ደግሞ የእሱን። ለምን ገዛኸው ትሉኝ ይሆናል። ታዲያ እዚያ ምድር ቤት ትቼው ልሂድ?

ሙሉ ከሰሊጡ ገበያ አጠገብ ሻይ ትሸጣለች። በስድስት ዓመት ውስጥ ከድንበር የመጣ ሰው ሁሉ ሻዩን ከመጠጣቱ በፊት «ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ሰው አላያችሁም?» ተብሎ ይጠየቃል። ከድንበሩ ወደ ገዳሪፍ በሚያመጣው በዶካ መንገድ ሎሪ የሚነዳ ታደሰ የሚባል ጨዋ ሰው ሊያገባት ከጠየቃት ቆየ፤ እሷም አልጠላችውም፤ ግን ቄሱ «መርዶሽ ሳይነገር አላጋባም» ብለዋል። ትክክል ናቸው። ሚስት እንዳትባል ባል የላት፣ መበለት እንዳትባል መርዶ የላት። መርዶ ደግሞ አይቻለሁ የሚል ሰው ይፈልጋል፤ የመጨረሻው አይቻለሁ ባይ እኔ ነኝ፤ ያየሁትም ጀርባውን ብቻ ነው።

ካርዱን ላሳያት ፈጽሞ አላሰብኩም። ገዳሪፍ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ሻንጣ የግሉ አይደለም፤ ሠፈሩ ተሰብስቦ ነው የሚከፈተው። ከሕክምና መጽሐፍ መሐል ሸሽጌው ነበር፤ ሴቶቹ መጽሐፉን ገልብጠው አራገፉት። ከሙሉ እግር ሥር በጀርባው ወደቀ። አነሣችው።

«የት አገኘኸው፣ ወንድሜ?»

እሱ አይደለም፣ ከሞተ ከሺህ ዓመት በላይ የሆነው ግብጻዊ ነው አልኳት። ሌሎቹ እፎይ ብለው፣ ሰው እንዲህም ይመሳሰላል ወይ እያሉ ይሥቁ ጀመር። እሷ አልሣቀችም። አውራ ጣቷን ቅንድቡ ላይ አሳረፈችና ቀስ ብላ ለእኔ ብቻ ተናገረች።

«ይችን ጠባሳ ያወጣሁበት እኔ ነኝ። በተጋባን በዓመቱ ተናድጄ ዘነዘና ወረወርሁበት። ሰው እንዳይታዘበኝ ከበቅሎ ወደቅሁ ብሎ ሸፈነልኝ። ያ ግብጻዊ ከየት አመጣት?»

እኔ የበቅሎዋን ታሪክ ለሰው ሁሉ ስተርክ የኖርኩ ሰው ነኝ።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ግማሾቹ መመሳሰል መመሳሰል ብቻ ነው አሉ፤ ነገሩም እዚያ ላይ ሊያበቃ ነበር። አንደኛው ግን ካርዱን ገለበጠው፤ ጀርባው ላይ የታተመ ቁጥር አለ። ቁጥር ለስደተኛ ምን እንደሆነ ያልተሰደደ ሰው አይገባውም። ዱቄቱ በቁጥር ነው፣ ብርድ ልብሱ በቁጥር ነው፤ ካርዱ የጠፋበት ሰው ቆሞ እየተናገረም የለህም ይባላል። ሽማግሌው «ቁጥር ተሰጥቶታል» ሲሉ ሁሉም ቀና ብሎ ተቀመጠ። ጽሑፉን አንብብልን አሉኝ፤ ስሙ ያልታወቀ ሰው ይላል አልኩ። ምስሉ ከየት የተገኘ ነው አሉኝ። እኔ እርጉም እውነቱን ተናገርኩ። ከሬሳ ላይ አልኩ።

በቃ። ቢሮ ያለፈ፣ ቁጥር ያለው፣ ከሬሳ ላይ የተገኘ፣ ስሙ ያልታወቀ፤ ለሞቱብን ሰዎች ከዚህ የተሻለ ወረቀት አግኝተን አናውቅም። ኧረ የግብጽ ነው ብዬ ለመከራከር ሞከርኩ፤ የሰማኝ የለም። ሐቁን ልንገራችሁ ካልኩ ደግሞ ብዙም አልገፋሁበት። ሙሉ ሻይ ስትቀዳልኝ በየቀኑ የምታየኝበት ዓይን እኔንም ሰልችቶኝ ነበር።

ሙሉ መርዶው የሚነገርበትን ቀን ታውቅ ነበር። ግቢዋን ጠርጋ፣ ቀሚሷን ሳታወልቅ ተኛች፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ሲያንኳኩ ግን «ማነው?» ያለችበት ድምፅ ምንም የማያውቅ ሰው ድምፅ ነው። የስድስት ዓመት ጩኸቷ ባንዴ ወጣ። ሸራ ተወጠረ። መሐል ላይ ወንበር ቆመና የአያልነህ ጋቢ ታጥፎ ተቀመጠበት፤ ካርዱ በጋቢው ላይ ተደግፎ ቆመ። የጎንደር ሰው ደረቱን እየመታ አለቀሰ፤ ሱዳናውያኑ ጎረቤቶች መዳፋቸውን ዘርግተው ለሙታን የሚባለውን ጸሎት፣ ፋትሓን ደገሙ። ሸራው ውስጥ የትም ብቀመጥ ዓይኑ ያገኘኛል። ወገኛ ነው፣ አጋነነ በሉኝ፤ ቦታ ሦስት ጊዜ ለውጫለሁ።

በሦስተኛው ቀን ከኡም ጋርጉር ካምፕ አንድ ሎሪ ለቀስተኛ መጣ። ከመሐላቸው ነጭ የለበሱ አንድ ትግርኛ ተናጋሪ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁለት ሰዎች ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸው፤ ለክብራቸው መሰለኝ። ምስሉን አምጡልኝ አሉ። ተሰጣቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ይህን ሰው ቀብሬዋለሁ» አሉ። «ከዶካ ወዲህ፣ ከመንገዱ ራቅ ብሎ። ክረምት ነበር። ብቻውን አልነበረም፤ አንድ ሽማግሌ አብሮት ነበረ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው ያገኘኋቸው። ሳላለያይ ባንድ ጉድጓድ ቀበርኋቸው።»

ሙሉ ልቅሶዋን አቆመች። «አባቱ ዘንድ ደርሷል» አለች። ከዚያ እንደገና አለቀሰች፤ ይኼኛው ግን እንደሚያልቅ የሚያስታውቅ ልቅሶ ነው። በዓመቱ ታደሰን አገባች፤ ሁለት ልጆች ወልደዋል፤ አሁን የምነግራችሁን እስከዛሬ አልነገርኳትም።

አመሻሽ ላይ ሽማግሌውን እስከ ሎሪው ሸኘኋቸው። ደርሰው የሎሪውን ጎን በእጃቸው ይዳብሱ ጀመር። የሥራ ልማድ ሆኖብኝ የዓይናቸውን ቆብ ገለጥ አደረግሁ። ሁለቱም ዓይኖች ሞራ ለብሰው ነጭ ሆነዋል።

«አባቴ፣ ምስሉን በምን አዩት?» አልኋቸው።

«አላየሁትም፣ ወደይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ታዲያ አባቱ አብሮት እንደነበር ማን ነገረዎት?»

ነጩ ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረ።

«አባቱ ነበር እንዴ?» አሉኝ።

ሽማግሌው አልዋሹም። ዓይናቸው ገና ያይ በነበረ ጊዜ፣ በዚያው መንገድ ሁለት ሰዎች ሞተው አግኝተው እውነትም ቀብረዋል። ስማቸውን አያውቁም፤ ጠያቂም አልመጣም። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ለጠፋ ሰው ልቅሶ በተቀመጡበት ሁሉ ሎሪ እየለመኑ ይሄዳሉ፤ ይህንኑም ይናገራሉ። ስንት ቤት እንደነገሩ አልቆጠሩትም። «የማን እንደሆኑ ስለማላውቅ ለሁሉም እሰጣለሁ» አሉኝ። «አንዱ ቤት እውነት ይሆናል።»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ደግፌ ስጭናቸው እጄን ያዙት።

«አንተስ፣ በዚያ መንገድ የጠፋብህ የለም?»

ገዳሪፍ ከገባሁ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሐኪም ማን ሞተብህ ተብሎ አይጠየቅም፤ እኔም እንዳልጠየቅ በቀልዴ ስከላከል ኖሬያለሁ። እናቴ አልኋቸው። ከእኔ በኋላ ከጎረቤት ጋር ተነሥታለች ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬዋም የለ።

እጄን አልለቀቁም። ሎሪው መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር።

«ሁለቱም ወንዶች ናቸው» አሉኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። «ለእናት የሚሆን የለኝም።»