ይቅርታ የምትጠይቀው አውሬ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሁሉን ነገር «ችግር የለውም» እያለች የምትቀበል አንዲት «ችግር የለውም» የምትባል ሴት አለች። ከሌለች መሥሪያ ቤቱ ገና ሥራ አልጀመረም ማለት ነው። የሌላውን ሥራ የሚሸከም ሳይኖር ቀጥ ብሎ የቆመ መሥሪያ ቤት የት አይታችኋል?

የእኛዋ መዝገብ ቤት ትቀመጣለች። «ትቀመጣለች» ማለቴም ማጋነን ነው። ሦስት እግር ብቻ የቀረው ወንበር ከክፍል ክፍል ሲዞር ቆይቶ መጨረሻ የደረሰው ለክብርት ችግር የለውም ነው። በአራተኛው እግር ፈንታ አሮጌ መዝገብ ደርድራ፣ ትንፋሿን ቆጥባ ትቀመጥበታለች። እግሯን የረገጣትን ሰው እሷው ይቅርታ ትጠይቃለች። አንዴ የፖስታ ክፍሉ ሹም ምሳዋን ጠርጎ ቢበላባት፣ ጨው አንሶት እንደሆን ብላ ስትሳቀቅ ዋለች። ሰው ሲደናቀፍ፣ ከተደናቀፈው ቀድማ «እኔን!» የምትለውም እሷ ናት።

እንዲህ ያለ የዋህነት ያናድደኛል። የባሰ የሚያናድደኝ ግን በየዋህ ትከሻ ላይ ተደላድሎ የሚቀመጠው ነው። እስከዚያች አርብ ድረስ ይህን ስል ራሴን አልቆጠርኩም ነበር።

ነገሩ የቅዳሜ ተረኝነት ነው። አሥራ አንድ ቅዳሜ በተከታታይ የሠራችው እሷ ናት። አንዱ ሠርግ አለበት፣ አንዱን ወገቡን ያመዋል። በአሥራ ሁለተኛው ላይ ግን ሰምተን የማናውቀውን ሰማን፤ ፈቃድ ጠየቀች። እናቷ የዓይን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር፤ ፋሻው የሚፈታው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሲፈታ መጀመሪያ የማየው አንቺን ይሁን ብለዋታል። ኃላፊያችን ቀና እንኳ ሳይሉ «ፋሻ ለመፍታት ነርስ አለ አይደል እንዴ?» አሏት። ምን ብላ እንደመለሰች መንገር አለብኝ?

አርብ በምሳ ሰዓት ሁላችንም መዝናኛ ክፍል ነበርን። እዚያ ለሠራተኛው ጭንቀት ማቃለያ ተብሎ የተገዛ የቴሌቪዥን ጨዋታ አለ። በድሮ የጃፓን ፊልም ያየናቸው ዓይነት፣ ፎቅ የሚያካክሉ አውሬዎች ከተማ መሐል ይደባደባሉ። ዱላ የምትመስል መቆጣጠሪያ ጨብጠህ እጅህን ስትሰነዝር አውሬህ ይሰነዝራል፤ ስትሽከረከር በጅራቱ ይጠርጋል። ኃላፊው ተሸንፈው አያውቁም። ማን ደፍሮ።

የዚያን ቀን ሁላችንንም በየተራ ደብድበው ተጋጣሚ ሲያጡ፣ በበር የምታልፈውን ክብርት ጠሯት። መቆጣጠሪያውን ትሪ እንደሚይዝ ሰው በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ገና በመጀመሪያው ቡጢ አውሬዋን ፎቅ ላይ ጣሉባት። «ውስጡ ሰው አለ እንዴ?» ብላ ደነገጠች። ሳቅን። ኃላፊውም እየሳቁ ደገሟት፣ ሠለሷት። «ነገ ደግሞ እንዳታረፍጂ» አሏት።

«እኔን!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የኃላፊው አውሬ ድልድይ ተሻግሮ ወደቀ። ክው አልኩ። ሊነሳ ሲል «እኔን ድፍት ያድርገኝ» ብላ በጅራቷ ጠረገችው። «ይቅርታ ጌታዬ» ብላ አንድ ሙሉ ፎቅ ነቅላ አናቱ ላይ ከሰከሰችው። አሥራ አንዱም ቅዳሜ በየተራ ወረደበት፤ አንዱም ያለ ይቅርታ አልወረደም። ሰውዬው ኮታቸውን አውልቀው፣ ላብ አጥምቋቸው ይውተረተራሉ። የፖስታ ክፍሉ ሹም የጎረሰውን ሳይውጥ ደርቆ ቀረ፤ ምናልባት የዚያች ምሳ ነገር ትዝ ብሎት ይሆናል።

አውሬያቸው ተዘረረ። እሷ መቆጣጠሪያውን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ነገ አልመጣም» አለች። «ችግር አለው?»

ኃላፊው ግራ ቀኙን አዩ። «ችግር የለውም» ሲሉ በዚህ ጆሮዬ ሰማሁ።

ታዲያ ያ ቅዳሜ የማን ተራ ነበር? የእኔ። ሠርግ የለብኝ፣ ወገቤ ደህና፤ እንቅልፍ አምሮኝ ነው የጣልኩባት።

በማግስቱ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ፤ ማለቴ፣ ወደቅኩ። ከወለሉ ሳልነሳ ስልኩ ጮኸ። እሷ ናት። እናቷ ፋሻው እንደተፈታላቸው አይተዋት «ከስተሻል» ብለው እንደተቆጧት፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነገረችኝ። የደወለችው ግን ለሌላ ጉዳይ ነበር።

«ወንድሜ፣ ስለ ወንበሩ ሳልነግርህ። እንዳይጥልህ።»

«ጥሎኛል» አልኳት።

«እኔን!» አለች።

ሳላስበው ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ።