«ደህና ናት» ያሉኝ ሰዎች

ለመሆኑ እናንተ፣ «ደህና ነው» እየተባላችሁ ስንት ሰው ቀብራችኋል? አትቸኩሉ፤ በጣታችሁ ቁጠሩ። እኔ ሰባተኛው ላይ ስደርስ መቁጠሬን ተውኩት። ደሴ ለትምህርት በሄድኩ ጊዜ አባቴ «ትንሽ ጉንፋን ይዞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል» ይባልልኝ ነበር፤ ለክረምት ወደ ቤት ስገባ ግን መቃብሩ ላይ ሣር በቅሎ ደረስኩ። አክስቴ «ጠበል ገብታለች» ተብላ ስምንት ወር ጠበል ውስጥ ቆየች። ስምንት ወር! ዓሣም ቢሆን ይወጣ ነበር።

በአገራችን ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚሞተው፤ አንዴ ነፍሱ ስትወጣ፣ አንዴ መርዶው ሲነገር። በሁለቱ መካከል ይኖራል። ሰላምታ ይልካል፣ እህል ይወቃል፣ «ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ ይመጣ ነበር» ይባልለታል። መርዶ ደግሞ እንደ ቅዳሴ ሥርዓት አለው። ለመንገደኛ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። በባዶ ሆድ አይነገርም። ማታ ደህና አድርገው ያበሉሃል፣ ጎህ ሲቀድ ዘመድ አዝማድ በርህን ከቦ ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ ነው እንድታለቅስ የሚፈቀድልህ። «ከሞቱ አሟሟቱ» ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ ግን ከሞቱ አረዳዱ እላለሁ። ካርቱም ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያሠራኝ ግሪካዊ መጽሐፍ ሻጭ የእናቱን ሞት ከቴሌግራም ላይ አነበበ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ሱቁን ከፈተ። ያኔ ልበ ደረቅ ነው ብዬ ታዝቤው ነበር። አሁን ጻድቅ ይመስለኛል።

ነገሩ የሆነው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ድንበሩ ተከፍቶ ሰው ሁሉ ወደየአገሩ ሲገባ እኔም ጉልበቴን እያሸሁ ሰቆጣ ገባሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ታናሽ እህቴን ትርንጎን በሕይወት ማግኘት። ከእሷ ሌላ የቀረኝ ሰው የለም፤ የምነግራት ነገርም ነበረኝ። ለሟች የማይነገር ነገር ነው።

ሰው የት እንዳለ ለማወቅ ደግሞ ከገበያ የተሻለ ቦታ የለም። መንገድ መሪ መጽሐፍ የሚጽፉ ፈረንጆች የተራራ ገበያን ሁሉ «በቀለማት የደመቀ» ይሉታል። በግሪካዊው ሱቅ መደርደሪያ ላይ የነበረውን ዓይነት ሁሉ አንብቤያለሁ፤ አንዱም አቧራ አይልም። የእኛ ገበያ ቀለሙ አቧራ ነው። ፍየሉ አቧራ፣ ገብሱ አቧራ፣ ከሩቅ ቀበሌ ሌሊት ተነስቶ የመጣው ገበሬ እስከ ቅንድቡ አቧራ። ከአቧራው የተረፈው አንድ ማሩ ነው፤ እንደ ቅቤ የነጣው የዋግ ማር። እሱንም ከድነው ስለሚያስቀምጡት ነው። ሠላሳ ዓመት ቆይቼ ያገኘሁት ለውጥ ቢኖር የፕላስቲክ ጫማና ቢጫ ጀሪካን ብቻ ነው። ሴቶቹ በኻምጣንጋ ይጯጯሃሉ፣ ለገዢው በአማርኛ ዋጋ ይጠራሉ፣ ሲሰድቡት ወደ ኻምጣንጋ ይመለሳሉ። እኔም ስድቡን ስሰማ አገሬ መግባቴን አመንኩ።

ማር ተራ ሄጄ አንዲት ጠና ያለች ሴት ፊት ቁጢጥ አልኩ።

«ትርንጎ ክንፉን ታውቂያታለሽ?»

«ለምን አላውቃት! እርስዎ ማን ነዎት፣ እትዬ?»

«እህቷ ነኝ። ፈንታዬ።»

ሴትዮዋ ሦስት ጊዜ አማተበች። ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ጆሮ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች። ጎረቤቷ ወደሚቀጥለችው። እንዲህ እያለ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማር ተራው ጸጥ አለ። በሕይወቴ የዋግ ሴቶች ሲያንሾካሹኩ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«ደህና ናት» አለችኝ፣ ዓይኗን ማሩ ላይ ተክላ። «ምንም አልሆነች። ደህና ናት።»

ማን ምን ሆነች አለ?

ይባስ ብላ አንድ ጣሳ ነጭ ማር ሞልታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ልክፈል ብል «እግዚኦ! ከእርስዎማ አልቀበልም!» አለች። እንግዲህ አስቡት፤ የሰቆጣ ማር ሻጭ፣ በሞቀ ገበያ፣ በነጻ! ለገዛ እናቷ እንኳ ጣቷን አታስልስም። ያኔ አወቅሁ። እህቴ ሞታለች።

አንድ ማሰሮ ውሃ በማይፈላበት ጊዜ ውስጥ አያ ጎበዜ እየሮጠ ደረሰ። አያ ጎበዜ የልጅነት ጎረቤታችን ነው፤ ስለየው ጎረምሳ ነበር፣ አሁን ነጠላ መስቀያ ያህል የቀጠነ የአገር ሽማግሌ ሆኗል። ዱላውን ተደግፎ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ፈንታዬ! በቁምሽ መጣሽ?»

«ታዲያ ተሸክመው ያምጡኝ እንዴ?» አልኩት።

ዳሰሰኝ። በእውነት፣ ክንዴን ጨበጥ አድርጎ ዳሰሰኝ። ከዚያ «ትርንጎ ደህና ናት፤ እኔ ራሴ አደርስሻለሁ» ብሎ በቅሎውን ሊያመጣ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ግን ወደየቀበሌያቸው የሚመለሱ ሁለት ሦስት ገበያተኞች ጆሮ ላይ ሲጎነበስ አይቻለሁ። ልቅሶ እንዲያዘጋጁ ነዋ!

የትርንጎ አገር ከሰቆጣ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በልጅነቴ ቁርስ በልቼ ተነስቼ ለምሳ ደርሼበታለሁ። ከከተማው እንደወጣን ግን አያ ጎበዜ ወደ ግራ ታጠፈ።

«መንገዱ በቀኝ ነው፣ አያ ጎበዜ።»

«ጎርፍ ወስዶታል።»

«በጥር ጎርፍ?»

«የአምናው ጎርፍ ነው» አለኝ፣ ቅንጣት ሳያፍር።

እንዲህ ሆነና የግማሽ ቀኑን መንገድ ሦስት ቀን ሄድንበት። አንዱን ገደል ወርደን ሌላውን እንወጣለን፤ ቁልቋልና ድንጋይ፣ ድንጋይና ቁልቋል። አንድ አምባ ላይ ስንደርስ መንደሩ በሙሉ እንደሚያውቀን ሁሉ ወጥቶ ይቀበለናል፣ ዶሮ ይታረዳል፣ «ብዪ ብዪ» ይባላል። ጉርሻው በየአቅጣጫው ሲወርድብኝ እኔም በሆዴ «በባዶ ሆድ አይነገርም፤ እንግዲህ ነገ ጠዋት ነው» እላለሁ። ስለ ትርንጎ ስጠይቅ አንዷ ወጥ ልትጨምር ትነሳለች፣ አንዱ ስለ ካርቱም ሙቀት ይጠይቀኛል። ሁሉም ግን ከዶሮው ይልቅ እኔን ነበር የሚያዩት። ልጆች ጥላዬ መሬት ላይ መውደቁን ሲያጣሩ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ሐዘንተኛ ጥላ የለውም እንዴ ብዬ ተናደድኩ።

ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ነጠላዬን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ እንደ ሐዘንተኛ ተከናነብኩ፤ እንዳይከብዳቸው ብዬ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩላቸው። ማንም አልመጣም። ፀሐይ ወጣች። አያ ጎበዜ በቅሎውን እየጎተተ መጥቶ «በርዶሻል እንዴ እንዲህ የተከናነብሽው? በይ እንሂድ» አለኝ። መርዶ የሚራብ ሰው አይታችሁ አታውቁም ይሆናል። እኔ ተርቤያለሁ።

በሁለተኛው ቀን አቀበት ላይ አላስቻለኝም።

«አያ ጎበዜ፣ በቃዎት። አሮጊት ነኝ። ዕድሜ ልኬን መጽሐፍ ሳነብ ነው የኖርኩት፤ ሞት አዲስ አይሆንብኝም።»

«መጽሐፍ ላይ የሚሞተው ዘመድሽ ነው?» አለኝ።

«ትርንጎ አለች?»

«አለች።»

«ትተነፍሳለች?»

«ምን ያለች ሴት ናት እናንተ! ደህና ናት ስልሽ!»

በቅሎውን ትቼ በእግሬ ቀደም ቀደም አልኩ። ብቻዬን ላለቅስ ነው። ለእህቴ ልነግራት የመጣሁትን ነገር ለድንጋዩ ነገርኩት። የሄድኩ ዕለት የገበያ ቀን ነበር። እሷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከገበያው ዳር ያለ ወይራ ሥር አስቀምጬ «ጨው ገዝቼ መጣሁ፣ ከዚህ እንዳትነቃነቂ» አልኳት። ጨው አልገዛሁም። ወደ አስመራ የሚሄድ መኪና ላይ ወጣሁ፤ ከአስመራም ካርቱም ገባሁ። እውነቱን ብነግራት ታለቅሳለች፣ ብታለቅስ ልቤ ይባባል ብዬ ነው። በኋላ እጽፍላታለሁ እል ነበር፤ ከዚያ ድንበሩ ተዘጋ፣ ከዚያ ጦርነቱ፣ ከዚያ እኔ ራሴ ተዘጋሁ። ይኸው ነው። እንዳትነቃነቂ ብያት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከትርንጎ ደጅ ደረስን። እንደጠበቅሁት ነው። ሽማግሌዎች ቆመዋል፣ ቄሱ መስቀል ይዘው ቆመዋል፣ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። በመጨረሻ! ሥርዓቱ አልጎደለም። ማንንም ላለማስቸገር እኔው ጀመርኩት፤ ደረቴን እየመታሁ «እህቴን! ኧረ እህቴን! አንድ የቀረችኝን!» ብዬ ጮህኩ።

በሩ ተከፈተ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሰች፣ ጥርሷ የጎደለ ሴት ወጣች።

«ማን ሞቶብሽ ነው እንዲህ የምትጮሂው?» አለችኝ።

«አንቺ!» አልኳት።

«እኔማ አለሁ» አለች ትርንጎ። «የሞትሽው አንቺ ነሽ።»

እንግዲህ በዋግ ተራሮች ላይ ለሦስት ቀን «ደህና ናት» ሲለኝ የከረመው ሰው፣ በአገራችን ታሪክ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እውነቱን ኖሯል። እኔ ነኝ ደህና ያልነበርኩት። ተዝካሬ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ማር ሻጯም በልታለች፤ ሙት ለሆነ ሰው ማር ሸጦ ዋጋ መቀበል ነውር ሆኖባት ነው በነጻ የሰጠችኝ። የተዝካሬን እንጀራ የቀመሱት ሁሉ ናቸው በየአምባው ሲያበሉኝ የሰነበቱት።

«ጥሩ ተዝካር ነበር» አለ አያ ጎበዜ፣ ሊያጽናናኝ። «የትርንጎ የእርሻ በሬ ነው የታረደው። ሰው ጠግቦ ነው የተመለሰ።»

እና ማን ገደለኝ? ስሙት። ስደተኛው ከሱዳን መመለስ በጀመረ ጊዜ ትርንጎ በየገበያው ቀን ወይራው ሥር ቆማ የመጣውን ሁሉ ስለ እኔ ትጠይቅ ነበር። እርሻዋ ዳዋ ዋጠው፣ ቤቷ ዘመመ፣ እህል መቅመስ ተወች። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡና መከሩ። «ተስፋ ነው የሚገድላት» አሉ። ስለዚህ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ማታ አብልተው፣ በሯን ከብበው መርዶዬን አረዷት። በምን እንደሞትኩ ጠይቃለች። «በወባ» ብለዋታል። የወባውን ነገር ያሰበው አያ ጎበዜ ነው።

«ልቧ ይረፍ ብለን ገደልንሽ» አለኝ። «አረፈችም። አለቀሰች፣ በላች፣ አረሰች። ምን እናድርግ? አንቺ ደግሞ ተነስተሽ መጣሽ!»

ሦስት ቀን በየገደሉ ያዞረኝም ለእሷው ብሎ ነው። ድንገተኛ ደስታ እንደ ድንገተኛ ሐዘን ይገድላል አሉ። በመጀመሪያው ቀን «እህትሽን አየሁ የሚል ሰው አለ፣ ወሬ ነው» አሏት፤ በሁለተኛው «ወሬው ሳይበረታ አልቀረም» አሏት፤ በሦስተኛው እኔ ደረስኩ። እኔ ግን በድንገተኛ ሐዘን ብሞት የሚያሳስበው አልነበረም። ለነገሩ ተዝካሬ ተበልቷል።

ከዚያ አያ ጎበዜ ከደጁ አንድ ደህና ክብደት ያለው ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ፊቴ ጎንበስ አለ። በአገራችን የበደለ ሰው እንዲህ ነው ይቅርታ የሚለምነው፤ ድንጋዩንም የሚያወርድለት የተበደለው ነው። ሰው ሁሉ እጄን ያይ ጀመር። ቄሱ መስቀላቸውን አዘጋጁ።

«በይ ልጄ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በይ» አሉኝ።

ወደ ትርንጎ ዞርኩ። «አንቺስ? የወይራውን ሥር ይቅር ብለሽኛል?»

እህቴ ጥቂት አሰበች። «የሞትሽ ጊዜ ይቅር ብዬሽ ነበር» አለች። «ሙት አይወቀስም። አሁን ግን አለሽ፤ እንደገና ላስብበት።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። የአያ ጎበዜ ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሴቶቹ «ኧረ እትዬ፣ ሽማግሌ ነው!» ይላሉ። እኔም ሽማግሌ ነኝ። ሰው ሁሉ ለሌላው ሲያዝን እንዲህ የምንሆን ከሆነ፣ እስቲ አንድ ቀን ደግሞ ተጨካከኑና እውነት ተነጋገሩ አልኩ። በመጨረሻ ትርንጎ «አንገቱን ልትሰብሩት ነው» ብላ ሄዳ ድንጋዩን አወረደችለት። እሷ ታውርድ፤ ማሳዋን የሚያርስላት እሱ ነው። እኔ እጄን አላነሳሁም። የገደሉኝን፣ ያዞሩኝን፣ ተዝካሬን የበሉትን፣ ጨው ገዝቼ መጣሁ ያለችውንም፣ ማንንም ይቅር አላልኩም። አልልምም።