አቶ ደምለው ሳያለቅሱ አያልፉም

በየአገሩ ሳይጠሩት ለቅሶ የሚደርስ አንድ ሰው አይጠፋም። የደምበጫው ክቡር አቶ ደምለው ግን የዚህ ሙያ ሊቀ ሊቃውንት ናቸው። በሚኒባስ ሲሄዱ የለቅሶ ድንኳን ካዩ «ወራጅ!» ይላሉ። ሟቹን ያውቁት እንደሆነ ሲጠየቁ፣ «ሰው አይደለም እንዴ?» ነው መልሳቸው። አንድ ጊዜ ደረታቸውን እየደቁ የሟቹን ሪዝና የእርሻ ጉብዝና ሲያወድሱ ቆይተው፣ ሟች ባልቴት ሆነው ተገኙ። አቶ ደምለው ቅንጣት አልደነገጡም። «ወንድ የሚያህሉ ሴት ነበሩ!» ብለው ቀጠሉ።

ደብረ ማርቆስ ባንክ ቤት የምትሠራው ልጃቸው አይናዲስ በእሳቸው ስታፍር ነው ያደገችው። ዘንድሮ ዓይናቸውን ልታሳክማቸው አዲስ አበባ ወሰደቻቸው። ቀጠሮው ከሰዓት ስለነበር፣ ጠዋት የአንድ የቀድሞ የአገር መሪ መታሰቢያ ልታሳያቸው ይዛቸው ገባች።

አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። አቶ ደምለው ዓይናቸውን አጥብበው አንድ መስታወት ተጠጉ። ውስጡ የመሪው ኮት ቆሟል፤ ከጎኑ ፎቶግራፉ አለ። በእሳቸው አገር የሟች ልብስና ፎቶ አንድ ላይ የሚወጣው ለለቅሶ ነው። አይናዲስ የሚመጣው ገባት። «አባባ፣ ይተዉ!» ብላ ሳትጨርስ ጋቢያቸውን አሸረጡ።

«ኮቱ ብቻ ቆሟል መስታወት ውስጥ ገብቶ፣
ጌታውን ሞት ወስዶት ከሰው መሀል ለይቶ!»

ደረታቸውን ሲደቁ አዳራሹ አስተጋባ። ወጣቶች እየሳቁ ስልካቸውን አወጡ። ጥበቃው ሮጦ መጣ።

«አባት፣ እዚህ ማልቀስ አይቻልም።»

«ታዲያ ለምን ሠራችሁት?»

ሳቁ ባሰ። ጥበቃው ወደ አይናዲስ ዞረ፤ «አባትሽ ናቸው?»

ስልኮቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ።

«አላውቃቸውም» አለች።

የአቶ ደምለው የታመመው ዓይናቸው እንጂ ጆሯቸው አይደለም። ጋቢያቸውን ቀስ ብለው ፈቱ።

«ከማን ጋር መጡ?» አላቸው ጥበቃው።

«ብቻዬን ነኝ፣ ልጄ። መንገድ ስቼ ነው የገባሁት።»

ወደ እሷ አንዴ እንኳ ሳይዞሩ፣ በጥበቃው ክንድ ተደግፈው ወጡ። አይናዲስ ኮቱ ፊት ቀረች። ፊቷ እሳት ሆነ። እስከዚያች ቀን በአባቷ ነበር የምታፍረው።

ስትወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ምን አስወጣሽ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰዎቹ እስኪሄዱ ራቅ በይ፤ ያዩሻል።»

አይናዲስ በሩ ላይ ወደቆመው ጥበቃ ዞረች። «አባቴ ናቸው» አለችው። አጠገባቸው ተቀምጣ፣ ጋቢያቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

«ለማን ነው ይሄ ሁሉ?» አሉ ጀርባዋን እየዳበሱ።

«ለእርስዎ።»

«ሳልሞት!» አሉ አቶ ደምለው፤ ኩራት በተቀላቀለበት ድምፅ። «በይ፣ ትንሽ ከፍ አድርጊው።»