«እምቢ፣ ከአጥሩ አንወርድም» የተባለውን ዘፈን ለማረም የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ
ቦታ፦ የሕንፃው ደረጃ ሥር፣ ብስክሌቶቹ ወደ ግድግዳው ተገፍተው

የተገኙ የነዋሪዎች ኮሚቴ አባላት፦
– ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር
– ልብስ ሰፊዋ፣ የጸሐፊው እህት
– ጸሐፊ፣ ስክሪብቶ ይዞ በመገኘቱ የተመረጠ
– ጥርስ ሐኪሙ፤ በራቸው ሲንኳኳ «የለሁም!» ስላሉ መኖራቸው ተረጋግጦ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል።

አጀንዳ 1፦ ከምድር ቤት ስለሚወጣው ድምፅ

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ በቅጽል ስሟ ፌንጣ፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር የምትለማመደው ዘፈን ሲጀምር ሬጌ ስለሆነ ሰው ጋደም ይላል፤ ወዲያው የሚያንባርቅ ፓንክ ሆኖ ከአልጋ ያወርዳል። «ወይ ያስተኙን፣ ወይ ይቀስቅሱን!» ብለዋል። ፌንጣ በበኩሏ ቅዳሜ በወጣቶች አዳራሽ መድረክ እንደሚወጡ ገልጻ፣ «አባባ፣ እዚህ ከተዘጋብን የት እንለማመድ?» ስትል ሰብሳቢውን ጠይቃለች። ከረዥም ውይይት በኋላ ምድር ቤቱ እንዲቆለፍ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ዘፈኑን ስለ ማረም

ጸሐፊው፣ ለገጣሚነቱ ከራሱ በቀር ምስክር ባይኖረውም፣ አዝማቹ «ብትፈቅዱልን ከአጥሩ አንወርድም» ተብሎ ከለሰለሰ ቁልፉ ይመለስላቸው ሲል አግባባ። ሐሳቡ ጸደቀ፤ ያጨበጨበው ጸሐፊው ብቻ ነው። ሰብሳቢው ደግሞ «ሽማግሌ ሁሉ አቧራ» የሚለው ስንኝ «አንዳንድ ሽማግሌ» ይባል አሉ። ፌንጣ «አንዳንዱ ማን እንደሆነ በስም ይጠቀስ?» ብላ ስትጠይቅ ሰብሳቢው ጸሐፊውን አዩ፤ ጸሐፊው ጣሪያውን አየ።

አጀንዳ 3፦ የታረመውን ስለ መስማት

ልጆቹ የጊታራቸውን ድምፅ ዝቅ አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው «ብትፈቅዱልን» እያሉ ዘፈኑ። ሲጨርሱ ልብስ ሰፊዋ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ «ልጄን ምን አደረጋችኋት? አንገቷን እንድትደፋ አይደለም ያሳደግኋት!» አሉ። ወደ ጸሐፊው ዞረውም፣ «አንተ ደግሞ በልጄ ላይ ግጥም መጻፍ ትማራለህ?» ሲሉ ገሠጹት። ሰብሳቢው ይህ ዘፈን ሳይሆን የደመወዝ ጭማሪ ማመልከቻ ይመስላል በማለት የፊተኛው እንዲደገም አዘዙ። ሲደገም የሰብሳቢው እግር ወለሉን መምታቱን ጸሐፊው አይቷል፤ እንዳይመዘገብ ታዟል፤ ተመዝግቧል።

ስብሰባው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሲበተን፣ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ፣ ስብሰባውን መጥራታችን ጭምር፣ ተሽሮ ቁልፉ ለፌንጣ ተሰጥቷል። ጸሐፊው ከእንግዲህ ስንኝ እንዳይነካ ሲወሰን፣ ቀስ ብሎ «እምቢ» ብሏል። ፌንጣ «አጎቴ፣ ከሆድህ አውጣው!» ብላ እንዲደግም ስላዘዘችው፣ ልምምዱ በምድር ቤት ቀጥሏል።