ሶልያና ምንድን ነው የምትሠራው?

የእኛ ተረትና ምሳሌ እንደ ቤተ ዘመድ ጉባኤ ነው፤ ሁሉም ይናገራል፣ እርስ በርሱ ግን አይስማማም። አንዱ ይነሣና «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላችኋል። እውነት ነው ብላችሁ ሳትጨርሱ ሌላው ጉሮሮውን ይጠርግና «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል። ታዲያ ልጅ የሚያሳድግ ሰው የቱን ይስማ? ካናዳ፣ ካልጋሪ ያለን ሰዎች፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የመጀመሪያውን ለልጆቻችን እንመክራለን፣ ሁለተኛውን ራሳችን እንኖረዋለን። እኔ ራሴ ጠዋትና ከሰዓት የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ፣ መሀል ላይ ዋይትሆርን ያለችው ቤቴ ውስጥ የሰው ፀጉር እሠራለሁ። ወደ ልጅ ሲመጣ ግን ሥራው አንድ መሆን አለበት፣ ያውም በአንድ ቃል የሚነገር። ነርስ። ኢንጂነር። አካውንታንት። አለቀ።

የጋሼ ተስፋልደት ችግር እዚህ ላይ ነበር። የልጃቸው የሶልያና ሥራ በአንድ ቃል አይነገርም።

ጋሼ ተስፋልደት አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሲጠግኑ የኖሩ፣ ማርቲንዴል የሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ለምለም ጓደኛዬ ናት፤ ሶልያና ደግሞ የክርስትና ልጄ። ስለዚህ ወደ ቤታቸው ስሄድ ደውዬ አልሄድም፤ ደጃቸው ላይ ፓርክ አድርጌ፣ በሩን ገፍቼ፣ መጀመሪያ የምከፍተው ፍሪጁን ነው።

ሶልያና ክሪኬት ተጫዋች ናት። ክሪኬት የማታውቁ ካላችሁ አትሸማቀቁ፣ እኔም ለብዙ ዓመት አውቃለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንዷ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ኳስ ትወረውራለች፣ ሌላዋ በጠፍጣፋ እንጨት ትመታለች። ከመቺዋ ኋላ ሦስት ዘንጎች ቆመዋል። ወርዋሪዋ ዘንጎቹን መጣል ትፈልጋለች፣ መቺዋ አታስነካም። የቀረው ሁሉ ሻይ ዕረፍት ነው። አብዛኛው ተጫዋች ከሁለቱ አንዱን ነው የሚያውቀው። ሁለቱንም አጥርታ የምትችል ስትገኝ ኦልራውንደር ይሏታል፣ እንደ ዓይን ብሌን ይጠብቋታል።

ያስተማሯት የእነ ጋሼ ጎረቤት፣ ከሕንድ የመጡት ፑንጃቢው ሽማግሌ አንክል ባልዊንደር ናቸው። የልጅ ልጆቻቸውን ከቤቶቹ ጀርባ ሜዳ ላይ ሲያጫውቱ አንድ ሰው ጎደላቸውና በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ የምታያቸውን ሶልያናን ጠሯት። የልጅ ልጆቹ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሆኪ ሄዱ። ሶልያና ከኳሱ ጋር ቀረች። ከዚያ የክፍለ ሀገራችን የአልበርታ ቡድን፣ ከዚያ የካናዳ ማሊያ፣ ከዚያ አንድ የእንግሊዝ አገር ክለብ በደመወዝ ቀጠራት። እየሮጠች መጥታ በፍጥነት ትወረውራለች፣ ተራዋ ሲደርስ ደግሞ እንጨቷን ይዛ ትገባለች።

ጋሼ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር፤ ቁጣ መልስ አለው። እሳቸው ዝም አሉ። ስትደውል «ብርድ ነው? በልተሻል?» ይላሉ፤ ከዚያ ስልኩ ለለምለም ይሰጣል። ቤተ ክርስቲያን ሰው አቁሟቸው «ሶልያና ምን ትሠራለች?» ሲላቸው «እንግሊዝ ናት» ይላሉ። ይኼ አድራሻ እንጂ ሥራ አይደለም። ኮራል ስፕሪንግስ ሰፈር፣ ሐይቁ ዳር ቤት የገዙ አንድ ዘመዳቸው ግን ለቀቅ አያደርጉም፤ «እንግሊዝ ምን ትሠራለች?» ብለው ይደግማሉ።

«ደህና ናት» ይላሉ ጋሼ።

ልጅቷን ይኼ ነገር ይበላት ነበር። አንድ ቀን ስልክ ላይ «እትዬ፣ አባ አንድ ቀን እንኳ አሸነፋችሁ ወይ ብሎኝ አያውቅም። ላይክ፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ ማወቅም አይፈልግም» አለችኝ። አባትሽ እንዲህ ነው፣ ፍቅሩ ሆዱ ውስጥ ነው አልኳት። እንዲህ ዓይነት ማጽናኛ ለሚሰጠው ሰው እንጂ ለሚቀበለው አይጠቅምም።

ሦስተኛው የውድድር ዘመኗ ላይ ወገቧ ተሰነጠቀ። ወድቃ አይደለም። በፍጥነት የሚወረውር ሰው በእያንዳንዱ ውርወራ መላ ሰውነቱን በአንድ እግሩ ላይ ነው የሚጥለው፤ አጥንቱ ችሎ ችሎ አንድ ቀን እንደ ብርጭቆ ስንጥቅ ይላል። ሐኪሙ አጥንቱ ይድናል አለ። እንደ ድሮው ከወረወርሽ ግን ተመልሶ ይሰነጠቃል አለ። ክለቡ ደግሞ በትሕትና እንዲህ አላት፤ የቀጠርንሽ ሁለቱንም ስለምትችዪ ነው፣ መቺ ብቻ ከሆነ አለን፣ ለማንኛውም በጸደይ ነይና እናይሻለን።

በመከር ወደ ማርቲንዴል ተመለሰች። ያገሬ ሰው ደግሞ የሰው መከራ ከሰማ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ድፎና ለስላሳ ተይዞ ተመጣ። ሳሎኑ ለቅሶ ቤት መሰለ። አንዷ እጇን ይዛ «አይዞሽ፣ ፋርማሲ ለመማር ገና አልረፈደብሽም» አለቻት። ሶልያና «ቴንኪው» ብላ ፈገግ አለችና ምድር ቤት ወርዳ በሩን ዘጋች። ተከትያት ብወርድ ግድግዳውን እያየች ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ መምታት ብቻ ስችል ግማሽ ሰው ነው የምሆነው» አለችኝ። «እነሱ ደግሞ ግማሽ ሰው አይፈልጉም።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

በረዶው ከገባ በኋላ አንድ እሑድ ምሳ ላይ ነው ነገሩ የተለወጠው። እኔም ነበርኩ። ሶልያና እህሉን ትታ ያንን ቀይ ኳስ ከእጅ ወደ እጅ ታዟዙራለች። ጋሼ ጉርሻቸውን እንደያዙ ኳሱን አዩት፣ አዩትና፣

«ይኼ ስፌት ለምንድን ነው?» አሉ።

ለምለም ቀና አለች። እኔም ቀና አልኩ። ሶልያና ግራ ተጋብታ እኔን ታየኛለች።

«ስፌቱ... አይ ሚን፣ መሬቱን ይነክሳል፣ አባ። ሲነክስ ኳሱ ይታጠፋል።»

«በምን ኃይል ነው የሚታጠፈው? እየሮጥሽ ካልወረወርሽ?»

«መሮጥ አያስፈልገውም። ስፒን ይባላል። በጣት ነው፣ ታሾሪዋለህ።» አማርኛዋ ሴትና ወንድ ይደባለቅባታል፣ ስትደነግጥ ይብስባታል።

«ወገብ አያስፈልገውም?»

«እንደ ፋስቱ ውርወራ አይደለም። ግን... እኔ ስፒነር አይደለሁም። ልጆች ሆነው ጀምረው ነው የሚችሉት።»

ጋሼ እጃቸውን ታጠቡ። «አሳዪኝ እስቲ፣ ጓለይ» አሉ። «ልጄ» ማለታቸው ነው፤ ትግርኛቸው የሚመጣው ልባቸው ሲነካ ብቻ ነው። አባትና ልጅ ወደ ጋራዥ ወጡ። ምሳው ቀዘቀዘ። ለምለም ተነሥታ ልትጠራቸው ስትል ቀሚሷን ይዤ አስቀመጥኳት።

ጋራዡ ውስጥ ኳስ እንዲወረወር መኪናው መውጣት ነበረበት። ካልጋሪ በጥር መኪና ውጭ ማሳደር ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ለምለም የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው፤ ሺፍቷ ጠዋት ሲሆን ከመኪናው መስተዋት ላይ በረዶ እየፋቀች «እኔ በረዶ ላይ የምሞተው ኳስ ሞቆት እንዲያድር ነው?» ትላለች። ታማርራለች እንጂ መኪናው ይግባ አላለችም።

ጋሼ በአንድ እጃቸው የክረምት ጓንት አድርገው ጥግ ላይ ያረጀ ፍራሽ አቁመው ይቀበላሉ። ሶልያና ታሾራለች፣ ኳሱ ሄዶ ፍራሹን ይመታል። መጀመሪያ ወር አንድም አልታጠፈም። እሷ ኳሱን ወርውራ ወጥታ ትሄዳለች፤ እሳቸው እዚያው ይጠብቃሉ። ሞተር እንቢ ሲላቸው ኖሮ አጠገቡ መቀመጥ ለምደዋል መሰለኝ። ተመልሳ ትመጣለች። ቺኑክ የሚባለው ሙቅ ነፋስ መጥቶ በረዶውን ያቀለጠ ቀን ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ያለው መንገድ ላይ ወጡ፤ አንክል ባልዊንደርም ካፖርታቸውን ደርበው በአጥራቸው ላይ ሆነው «ሪስት! ሪስት!» ይላሉ፣ አንጓሽን ተጠቀሚ ለማለት።

በዚያ ቀን ነው አንዷ ኳስ ድንገት የታጠፈችው። ታጥፋ ነጥራ የጋሼን ጣት ሰበረች።

ክሊኒክ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ሶልያና ከኋላ ወንበር ላይ ሶሪ ሶሪ እያለች ታለቅሳለች። እሳቸው ጣታቸውን እንደ ሻማ አቁመው «ታጠፈች እኮ! አየሽ አይደል?» ይሉኛል። ነርሷ ሥራ ላይ ነው ወይ የተጎዱት ብላ ጠየቀቻቸው።

«ኖ» አሉ ጋሼ፣ ደረታቸውን ነፍተው። «ክሪኬት።»

ያቺን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

በጸደይ ወደ እንግሊዝ ሄደች። ክለቡ አያትና እስቲ እንሞክር አለ። የተመለሰችበትን የመጀመሪያ ጨዋታ ማርቲንዴል ተሰብስበን በኢንተርኔት አየነው፤ እነሱ ዘንድ ከሰዓት፣ እኛ ዘንድ ጠዋት ነው። ኳሱ ተሰጣት። የመጀመሪያዋን ኳስ መቺዋ ከሜዳ ውጭ ሰደደቻት። ሦስተኛዋንም እንደዚያው። ለምለም ትራስ ፊቷ ላይ አደረገች። ጋሼ አልተንቀሳቀሱም። አንበሏ ግን ጥቂት ቆይታ እንደገና ጠራቻት፤ በዚህኛው ተራ አንዷ ኳስ ቀጥ ብላ የምትሄድ መስላ፣ መሬት ስትነካ ወደ ውስጥ ገባች። መቺዋ አየር መታች። ዘንጎቹ ወደቁ። ሳሎኑ ውስጥ የሆነውን ልነግራችሁ አልችልም፤ የፈሰሰው ሻይ ግን ምንጣፉ ላይ ዛሬም ይታያል። በነገራችን ላይ ቡድኗ ተሸነፈ። ውሏ ግን ጸና። ዛሬ የምትጫወተው እየመታችና ጣቷን እያሾረች ነው፤ የድሮውን ያህል አያስፈራም ይላሉ የሚያውቁ፣ ግን ያበላል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ያምር ነበር።

ባለፈው ሰኔ ሶልያና ደወለችልኝ። «እትዬ፣ አባ እርስዎን ይሰማል፣ ፕሊስ አንድ ነገር ይበሉልኝ። ከጌም በፊት ኮል ያደርጋል። ከጌም በኋላ ኮል ያደርጋል። ትናንት ደግሞ ለኮቹ ንገሪልኝ ብሎ ሎንግ ሜሴጅ ላከ።»

ሄጄ ለጋሼ በዘዴ ነገርኳቸው። ልጅቷ ትልቅ ሰው ናት፣ አሠልጣኝ አላት፣ ትንሽ ቀነስ ያድርጉት አልኳቸው።

«አልጠይቅ ነው?»

«ይጠይቁ። ትንሽ ብቻ።»

«እሺ» አሉ። ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል። ስልካቸውን ቲቪው አጠገብ አስቀመጡትና ስለ አየሩ አወሩኝ።

በሳምንቱ አውቶቡሱን አቁሜ ልጆቹን ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ሶልያና ናት። ድምፅዋ ልክ አይደለም።

«እትዬ፣ አባ አሞታል እንዴ? ጌም ነበረኝ፣ ኮል አላደረገም።»

«አላመመውም። ደውይና ጠይቂው» ብዬ ልጆቹ መሳፈር ስለጀመሩ ዘጋሁት። ሁሉንም አድርሼ ስጨርስ ልቤ አላስችል አለኝና ለጋሼ ደወልኩ።

ስልካቸው ተይዟል።