ግባ ካላሉት የማይገባው ሬሳ

[ጎንደር። በአንድ ሆስፒታል የደም መለገሻ ክፍል በር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። የእንግሊዝኛ መምህሩ ሰውነት ለተማሪዎቹ የሚያስጠናውን የፈረንጅ ልብ ወለድ ታቅፎ ተቀምጧል። ከጎኑ ማለዳ ከመካነ ብርሃን የደረሰው የሚስቱ ወንድም ምንይችል ጋቢ ተከናንቧል። ማስተዋል፣ የአንዱ ሚስት የሌላው እኅት፣ ነገ ቀዶ ጥገና አለባት፤ ሁለት ደም ሰጪ ይፈለጋል። ሰውነት በሩን አየት እያደረገ ከልብ ወለዱ ቃል ያስተምረዋል።]

ምንይችል፦ እኔ ግን አልገባኝም። የሞተ ሰው ከሆነ ምነው አይተኛም?

ሰውነት፦ ይተኛል አልኩህ እኮ! ቀን የሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ይተኛል፤ ሲመሽ ይነሣል። ቫምፓየር ማለት ይኸው ነው፤ ደም መጣጭ።

ምንይችል፦ ተዝካሩ አልወጣለት ይሆናል።

ሰውነት፦ ምን ተዝካር አመጣህ? ፈረንጅ ነው! ደግሞ «ካውንት» ይባላል፤ መስፍን እንደ ማለት። ትልቅ ግንብ አለው።

ምንይችል፦ የኛዎቹም ግንብ ነበራቸው። ሞቱ፣ አርፈው ተኙ።

ሰውነት፦ [ግንባሩን እየጠረገ] እንዴት ይሞቃል ዛሬ!

ምንይችል፦ [ጋቢውን እየሰበሰበ] በጣም እንጂ።

ሰውነት፦ ቀጥሎ ክራንቻ። በክራንቻው አንገት ላይ ይነክስና ደም ይመጥጣል።

ምንይችል፦ ያማል?

ሰውነት፦ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ! ወደ መከላከያው እንሂድ፤ ነጭ ሽንኩርት። ከሸተተው ይሸሻል።

ምንይችል፦ እንግዲያ እኛ አገር በራብ ያልቃል! ሽሮው ነጭ ሽንኩርት፣ ጉንፋን ሲይዘን ነጭ ሽንኩርት። ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ምን ሊጠጣ ነው?

ሰውነት፦ አንተ ፈርተህ ነው ነገር የምታበዛው። አይዞህ፣ የዛሬዋ መርፌ ትንሽ ናት። ትንኝ እንደ ነከሰህ ነው... [ድምፁ እየሰለለ] ይላሉ።

ምንይችል፦ ሸጋ። ሰውዬው በር ሰብሮ ነው የሚገባ?

ሰውነት፦ ኧረ! ዋናው ሕግ እሱ ነው። የቤቱ ሰው «ግባ» ካላለው ደፉን አይረግጥም።

ምንይችል፦ ጨዋ ነው ለካ! ግን እኛ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ «ግቡ፣ እንብላ» ነው የምንል። ፈጀን በለኛ!

ሰውነት፦ ለዚህ እኮ ነው መማር ያለባችሁ!

[በሩ ይከፈታል። ከውስጥ የሴት ድምፅ፦ «ሰውነት አዳሙ! ይግቡ!»]

ሰውነት፦ [ብድግ ብሎ ወደ ግቢው መውጫ እያፈገፈገ] አንተ ቅደም! እኔ... ጠዋት ሽሮ በልቻለሁ፤ ነጭ ሽንኩርት በዝቶበት ነበር።

ምንይችል፦ [ጋቢውን ገልጦ ክንዱ ላይ የተለጠፈውን ጥጥ እያሳየ] እኔማ አንተ ሳትመጣ ሰጥቼ ወጣሁ።

ሰውነት፦ ታዲያ እስካሁን እዚህ ምን ትሠራለህ?

ምንይችል፦ ማስተዋል ናት ያስቀመጠችኝ። «ባሌ መርፌ ሲያስብ እግሬ አውጪኝ ይላል። ተራው እስኪደርስ የማይገባህን ጠይቀው፤ ማስተማር ከጀመረ ከወንበር አይነሣም» ብላ።

[ድምፁ ይደገማል፦ «ሰውነት አዳሙ! ይግቡ እንጂ!»]

ምንይችል፦ [ክንዱን ይዞ ወደ በሩ እየመራው] ና አያ ሰውነት፣ እኅቴን አታስጨርሰኝ። ያ ሬሳው እንኳ ግባ ሲሉት ይገባ የለም?