ጥቁሯን ማየት የማይችለው አብዱልወሃብ

ፑል የሚወድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሲያይ ውሎ ሲያይ ቢያመሽ አይጠግብም። ሌላው ደግሞ ከመውደዱ ብዛት ማየት አይችልም። ይሄ ሁለተኛው በየሰፈሩ አለ። ያንተም ሰፈር አለ፤ ፑል ቤቱ በር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ስለሚቆም ስልክ የሚያወራ መስሎህ አልፈኸው ይሆናል እንጂ። የኛው የልደታው ክቡር አብዱልወሃብ ይባላሉ።

ክቡርነታቸው ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። ሰው ክስ ይዞ፣ ይግባኝ ይዞ ይመጣል፤ አብዱ ከባለጉዳዩ በላይ ይጨነቃል። ሁለት ኮፒ አውጣልኝ ስትለው አራት ያወጣል። ለምን ስትለው «መንገድ ላይ ዝናብ ቢመታህስ?» ይልሃል። ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም።

እሱ ራሱ ስቲክ ጨብጦ አያውቅም። የሚያየው ስልኩ ላይ ነው፣ የዓለም ትልልቆቹን። ደሞ ተጫዋች የሚመርጠው እንደ እኔና እንዳንተ በችሎታ እንዳይመስልህ። በሚያስጨንቁት ልክ ነው። አንደኛው ጀርመኑ ፊለር ነው። ለምን? ቶሎ ቶሎ ነዋ የሚመታው። «ለመጨነቅ ጊዜ አይሰጥህም፣ ሳታስበው አለቀ» ይላል። የፊሊፒንሱን ኤፍረን ሬየስን ይወደዋል፣ ግን ይፈራዋል። ኳሷ ተሸፍና መውጫ የላትም ስትል ሰውዬው ከጠርዝ ጠርዝ አላግቶ ያመጣታል። «እሱ ይችላል፤ የኔ ልብ ነው የማይችለው» ይላል አብዱ ደረቱን ይዞ። አሜሪካዊው ሼን ቫን ቦኒንግ ደግሞ ጆሮው በደንብ ስለማይሰማ መስሚያ መሣሪያ ያደርጋል፤ ሲጫወት ያጠፋዋል ይባላል። አብዱ እዚህ ላይ ይቀናል። «ታድሎ። ለዓይንም እንደዚህ ማጥፊያ በነበረው።»

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁ ገባሁ። ከአሥር ዓመት በፊት ያለቀ ፍጻሜ እያየ ነው። ማን እንዳሸነፈ ያውቃል። ሰውዬው ዋንጫ ሲያነሳ የሚያሳየውን ፎቶ ፕሪንት አድርጎ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል፣ እዚያው ከራሱ በላይ። የመጨረሻዋ ኳስ ስትደርስ ግን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

«አብዱ፣ ሰውዬው እኮ አሸንፏል» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ባይገባስ?»

ለዚህ መልስ ካለህ ሂድና ንገረው።

እንግዲህ በስልክ እንደዚህ የሆነ ሰው በአካል ሲሆን አስበው። ጋሽ ገብረየሱስ ፑል ቤት ውስጥ ሀያት የምትባል ልጅ አለች። ተክለ ሃይማኖት የአክስቷ ሱቅ ጫማ ትሸጣለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት መጥታ ልደታ ውስጥ ወንድ ነኝ ያለውን ሁሉ አሰልፋ ትረታዋለች። አብዱ ከሼንም ከሬየስም በላይ የሷ ደጋፊ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም። ግን የመጨረሻዋ ኳስ፣ ጨዋታ የምትጨርሰው ጥቁሯ፣ ብቻዋን ስትቀር ይወጣል።

መጀመሪያ እሱ እያየ ሀያት ሁለት ጊዜ ሳተች። በሦስተኛው ደንበኛ ደውሎለት ወጣ፣ እሷ አስገባች። ልደታ ከዚህ በላይ ማስረጃ አይፈልግም። ተፈረደበት፤ አብዱ ገደ ቢስ ነው። ከዚያ በኋላ ጥቁሯ ስትቀር ጋሽ ገብረየሱስ በትህትና «አብዱልወሃብ ልጄ፣ እስቲ ንፋስ ተቀበል» ይሉታል፤ ክቡርነታቸውም ይወጣሉ። ውጪ ቆሞ በጆሮው ብቻ ጨዋታውን ይከታተላል። «ጠርዝ ነካች… ገባች» ይላል፣ እኛ ሳንጮህ። ተሳስቶ አያውቅም።

ሀያት ግን ነገሩ አይዋጥላትም። «ሰርግ መጥቶ ምግብ ሲቀርብ የሚወጣ ሰው ነህ» ትለዋለች። «ሦስት ዓመት ስጨርስ አላየኸኝም።»

«እኔ ካየሁሽ አትጨርሺማ።»

ባለፈው ወር ሜክሲኮ አንድ ፑል ቤት ውድድር አዘጋጀ። ከሴቶች ያሸነፈች ናይሮቢ ሄዳ ትጫወታለች። ሀያት ከአዲስ አበባ ወጥታ የምታውቀው ለለቅሶ ወልቂጤ ድረስ ነው። ፓስፖርት አወጣች። አብዱ አሥራ ሁለት ኮፒ አደረገላት። አንዱን ለሷ፣ አሥራ አንዱን ለራሱ።

ፍጻሜ ደረሰች። ተጋጣሚዋ ቤርሳቤህ የምትባል፣ በግራ እጇ የምትጫወት፣ ፊቷ ላይ ምንም የማይነበብ ልጅ ናት። አራት ለአራት ሆኑ። በመጨረሻው ጨዋታ ሁለቱም የየራሳቸውን ኳስ ጨረሱና ጥቁሯ ብቻ ቀረች። ቀድማ ያስገባች ናይሮቢ። ተራው የሀያት ነው። አብዱ ሳይነገረው ወደ ደረጃው ወጥቷል።

ችግሩ፣ ከታች ሕንፃ እየተሠራ ነው፤ ብረት የሚቆርጠው ግራይንደር ይጮሃል። ለካ አብዱ ጆሮው ተይዞበታል። ሀያት ልትመታ አጎንብሳ ሳለ በሩ ተከፈተና አንገቱ ገባ። ፊቱ እንደሚያወጣው ወረቀት ነጥቷል።

«ምን ሆነ? ገባች?»

«ገና ነው፣ ውጣ አቦ!» አለ ቤኪ፣ የሰፈራችን ልጅ፣ በትከሻው እየገፋው።

ሀያት ቀና አለች። «ተወው። አብዱ፣ ና እዚህ ፊት ለፊቴ ቁም።»

«ሀያትዬ፣ ናይሮቢ እኮ ነው።»

«ናይሮቢ ስለሆነ ነው።»

ቆመ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ኪሱ ከተተው፣ አወጣው፣ መጨረሻ ላይ ቦርሳውን ከፍቶ አንዱን የፓስፖርት ኮፒ አውጥቶ ጨበጠ። ሀያት አጎነበሰች። መታች። ጥቁሯ ቀዳዳው አፍ ድረስ ሄዳ፣ ግራ ቀኝ ብላ፣ አፉ ላይ ቆመች።

ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ አብዱ ዞረ።

ቤርሳቤህ ስቲኳን ቾክ እየቀባች መጣች። ከዚያ ቦታ ሕፃን ልጅም ያስገባታል። እና አልዋሽህም፣ ሐሳቡ የመጣው ከእኔ ነው። የሱ ዓይን የኛዋን ካሳተ እሷንስ ለምን አያስትም? «አብዱ፣ እሷን እያት» አልኩት በሹክሹክታ። ቤኪ ሰማኝ። «አዎ፣ እያት! ፍጥጥ ብለህ እያት!» በአንድ አፍታ ልደታ ሙሉ ይለምነው ጀመር። ጋሽ ገብረየሱስ ሳይቀሩ፣ ጾም የማይስቱት ሰውዬ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጄ፣ እስቲ አንዴ ቀና በል» አሉት።

አብዱ አንድ በአንድ አየን። ለሦስት ዓመት ገደ ቢስ ያልነው እኛ፣ ዛሬ ደርሰን በዚያው ዓይንህ ሥራልን እያልነው ነው።

«እሷም ሰው ናት» አለ። «ሰው ላይ አላደርገውም።»

ዞሮ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ዓይኑን ሁሉ ጨፍኗል። ቤርሳቤህ ግራ ገብቷት አየችውና ጎንበስ ብላ መታች።

«ገባች» አለ አብዱ፣ ለግድግዳው።

ከሜክሲኮ ልደታ በእግር ተመለስን። ታክሲ ለመሳፈር እንኳ ማንም አላሰበም። ቤኪ ሊያናግረው ፈቃደኛ አይደለም። እኔ ትንሽ ወደኋላ ቀርቼ እሄዳለሁ፣ ግማሹ ንዴት፣ ግማሹ እፍረት። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኑን ከፍቶ ቢያያት ምን ይጎዳው ነበር እላለሁ። መልሼ ደግሞ፣ እኔ ፎቶ ኮፒ የማስደርገው ወረቀት ሁሉ እንደዚህ ያለ ሰው እጅ ሲገባ ደስ ይለኛል እላለሁ። ይቅርታ ልጠይቀው ቆረጥኩና እርምጃዬን ፈጠን አደረግኩ።

ሀያት ግን ቀድማኝ አጠገቡ ደርሳለች። ስቲኳ ትከሻዋ ላይ ነው።

«እሺ፣ አየኸኝ» አለችው። «እንዴት ነበርኩ?»

«አንገትሽን ቶሎ አቀናሽ። ነጯን ኳስ በደንብ ሳትመቺ።»

«አውቃለሁ።»

«ሌላ ጊዜ እንደዛ አታደርጊም እኮ። ምን ሆነሽ ነው?»

ሀያት ስቲኳን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች።

«ወጥተህ እንደሆነ ልይ ብዬ» አለችው።

አብዱ ቆመ። ከኋላው የነበረ አንድ ሰውዬ ሊጋጨው ምንም አልቀረውም።

«ስለዚህ እኔው ነኝ ያሳትኩሽ።»

«አንተው ነህ» አለችው፣ ክንዱን ይዛ አስፋልቱን እያሻገረችው።

እኔም እርምጃዬን ቀነስኩላቸው።